የምትክ ስም

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ቆቦ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና ለፈተናው ስታጠና ደብተሩን ይዤ የምጠይቃት እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል ትጽፍልኛለች።

አንድ ቀን ሦስት ቃል አስቸገራት፤ ሪሙቭ፣ ኤሊሚኔት፣ ሪፕሌስ።

«ሁሉም ማንሳት ነው አባባ፣ ልዩነቱ ጠፋኝ።»

«እስቲ ፍቺውን አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ።

«ይኸማ የእርሻ ሥራ ነው! አረሙን ነቅለሽ ብትጥይው ሪሙቭ። ማሽላ የሚያደርቀውን አቀንጭራ ዘሩ እስኪጠፋ ብትጨርሽው ኤሊሚኔት። በሬው ሞቶ ሌላ ብትጠምጂበት ሪፕሌስ።»

«መፈተን ያለብህስ አንተ ነህ!» ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «እኔስ አባባ? ሪፕሌስ ነኝ?» አለችኝ።

ከሷ በፊት ወንድ ልጅ ሞቶብን ነበር። በእኛ አገር ከሞተ ልጅ ቀጥሎ ለተወለደ የምትክ ስም ይወጣለታል። ለሷም ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ይከፋታል ብዬ አስቤም አላውቅ።

«አዎና! ታዲያ ምን ልትሆኚ ኖሯል?»

ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። «በሬውስ ይሻላል። በማን ቦታ እንደገባ አያውቅም።»

እናቷ ከጓዳ፣ «ምን ብለሃት ነው?» አለች።

«እውነቱን።»

ልጄ እንደከፋት ከዓይኗ አይቻለሁ። ግን የተናገርኩትን መመለስ አልወድም። ነገ አነጋግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ማሽላው ወፍ ጥበቃ ፈለገ፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን ወባ ያዛት። ሐኪም ቤት ስወስዳት ባጃጁ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ሾፌሩን አፈርኩና ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ዘንድሮ ትልቁ ልጄ ሴት ልጅ ወለደ። ክርስትና የተነሳች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ፣ «የአክስቷ ምትክ ናት፤ ስሟን አውርሷት!» አለ። ልጄም ወደኔ ዞረ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ይኸ ገገማ ሽማግሌ ደግሞ! ስም አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ገገማ ነኝ። ይቺ ልጅ በማንም ቦታ አልመጣችም፤ የራሷን ይዛ ነው የመጣች። ያቺም እንደዚያው ነበረች።»

ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ለዚህ ሁሉ ሰው የተናገርኩትን ለሷ ብነግራት ምን ነበረበት። ባጃጁ ውስጥ ጆሮዋ ከአፌ አጠገብ ነበር።