ምንጣፉ ላይ የተገጠመው ኮምፒውተር

ዛሬ ኮምፒውተሬን የሚጠግነው ሰውዬ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት የመስኮቱን ብረት ነካ አደረገ። "ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይገድለዋል" አለኝ። እኔ ግን ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ያለው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አጎታችን ከጅዳ የሚገጣጠም ኮምፒውተር ልኮልን ነበር። ወንድሜ መደቡ ላይ የተነጠፈው አዲሱ የናይለን ምንጣፍ ኤሌክትሪክ ያመጣል ብሎ ባዶው ወለል ላይ ሊገጥመው ተቀመጠ። አያቴ ተቆጡ።

"ከሩቅ የመጣ እንግዳ መሬት ላይ ይቀመጣል? አላህን ፍራ! መደቡ ላይ ውጣ።"

በእሳቸው ፊት መከራከር የለም። ወንድሜ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጊዜው በጋ ነው፤ አየሩ ደርቋል። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነችውን ትንሽ ጥቁር ዕቃ ሲያነሳ ጣቱ ላይ ጣ አለ፤ ብልጭታውን እኔም አየሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ አያቴን ቀና ብሎ አይቶ ገጠማት። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኘው ምንም ምስል አልመጣም።

"ቢስሚላህ ሳትል ጀምረህ ይሆናል" አሉ አያቴ አዝነውለት።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው፣ አቧራ እንዳይጎዳው ብለው በሱፍ ሻርፓቸው ይወለውሉታል። ሻርፑ ሲንጣጣ ይሰማል።

"ሰማህ? ነፍስ አለው። ኢንሻአላህ ይነሳል" ይሉታል።

ወንድሜም "አሚን" ይላል።