ዘፈን የተጫነበት ምርቃት

ከተጋባን ዓመት ከሞላን ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ትዳር እንዴት ነው?» ይለኛል። ጎፋ ያለው የሰፈራችን ባለሱቅ ሳይቀር ዳቦ በፌስታል እየከተተ ይጠይቀኛል። «ተመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ምን ልበለው? ባሌ ደህና ሰው ነው። እኔን ግን እንጃ።

የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ቃል ንገሪን ብትሉኝ «አታካብድ» እላችኋለሁ። ከአፌ የማይጠፋው ቃል እሱ ነበር። ባሌ ነገር አሰላስሎ የማይጠግብ ሰው ነው። መጋረጃ ለመግዛት ሁለት ሳምንት ያስባል፣ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ቤት ተመልሶ መስኮቱን እንደገና ያያል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ቆሞ ሲያስብ ሳየው ደሜ ይፈላል። «ባክህ አታካብድ!» እለውና እጄ የገባውን አንስቼ እወጣለሁ። መጋረጃውም የተገዛው እንደዚያ ነው። ዛሬም መስኮቱን አይሞላም።

የማወራው ግን ስለ መጋረጃ አይደለም። ስለ አባቴ ድምፅ ነው።

አባቴ የፉሪ ገበሬ ነበር። እርሻው ቤት ተሠርቶበት ካለቀ በኋላም ሁለት ላሞቹንና የጓሮ ጎመኑን አልለቅም ብሎ ኖረ። ጠዋት ጠዋት ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ለተሠሩት ቤቶች ወተት ያደርስ ነበር። ስልክ አይወድም። ስደውልለት «ደህና ነሽ? ይቺውልሽ እናትሽ» ይልና ያቀብላታል። በዕድሜዬ ሙሉ ከእሱ ጋር በስልክ ያወራሁት ቢደመር የአንድ ሻይ ጊዜ አይሆንም።

የመልሳችን ዕለት ግን ተናገረ። ግቢያችን ውስጥ በተጣለው ድንኳን፣ አዲሱ ሙሉ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ርጥብ ሳር በእጁ ይዞ ቆመና መረቀን። እኔና ባሌ ፊቱ ጎንበስ ብለናል። የሚመርቀው በኦሮምኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ለአማቾቹ ሲል ወደ አማርኛ ይመለሳል። ረዘመ። እውነቱን ልናገርና አፈርኩበት። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስልካቸውን መነካካት ጀምረዋል፤ ካባው ከብዶኛል፤ ጫማው ተረከዜን ልጦኛል። «ኧረ ይብቃህ አባዬ» እላለሁ በልቤ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በየመሀሉ «አሜን» ይላሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ድንኳኑ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ምን ብሎ እንዳሳቃቸው አልሰማሁም። የተለጠፈልኝ ሽፋሽፍት ሊወልቅብኝ ነው ብዬ እየተጨነቅሁ ነበር።

በሰባተኛው ወር አባቴ ሞተ። ሳል ነው አሉን፣ ሐኪም ቤት ገባ፣ በሳምንቱ አጣነው።

እናቴ ለቅሶው ላይ ደጋግማ የምታነሳው ድምፁን ነበር። «ግቢው ጭር አለብኝ፤ ላሞቹን ሲቆጣ እንኳ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር» ትላለች። ላጽናናት ብዬ «እማዬ፣ ድምፁ አለ እኮ፤ ሲመርቀን ሙሉውን ተቀርጿል፤ የሠርጉ ፊልም ሲደርስ ትሰሚዋለሽ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የምትጠብቀው ነገር አገኘች። በደወልኩ ቁጥር «ደረሰ?» ናት። አርባው ወጣ፣ አሁንም «ደረሰ?»። መካኒሳ ያለው ቪዲዮ ቤት ደግሞ «ነገ ኑ» ማለት አይታክተውም።

የደረሰው ዓመታችን የሞላ ሰሞን ነው። እሁድ ከሰዓት ባሌ ኬክ ገዝቶ መጣና ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው። ያጌጠችው መኪና፣ ሚዜዎቹ፣ ካሜራ ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን የሮጥነው ሩጫ። ሳቅን። በዚያ ዓመት እንደዚያ አብረን የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም። መልሱ ጋ ሲደርስ የኬኩን ሳህን አስቀመጥኩ።

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። አፉን ሲከፍት ዘፈን ገባ።

የሙሽራ ዘፈን ነው፤ ከበሮና ጭብጨባ ያለበት። የአባቴ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ሳሩ እጁ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሽማግሌዎቹ «አሜን» ሲሉ ከንፈራቸው ይታያል። ድንኳን ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይስቃል፤ ባሌም ይስቃል። የሚሰማው ግን ከበሮ ብቻ ነው። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ከፍ ያለው ዘፈኑ ነው።

ዞር ብዬ ባሌ ላይ ጮህኩበት። የተናገርኩትን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። «አንተ ነህ! ቋንቋው ስላልገባህ ሰለቸህ! ያንተ አባት ቢሆን ታስነካው ነበር?» አልኩት። ቤተሰቦቹ ከጉራጌ አገር መጥተው መካኒሳ በንግድ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም አልማርኳቸውም። እሱ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። እንደ ልማዱ አሰበና «ረስተሽው ነው። አንቺ ነሽ ያስደረግሽው» አለኝ።

«ውሸታም!» አልኩት። በዚያ ቀን ደግሜ አላናገርኩትም።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ መካኒሳ ሄድኩ። ፊልሙን ያቀናበረው ሰውዬ ጩኸቴን አዳምጦ ሲጨርስ ከፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። የትኛው ፎቶ እንደሚተልቅ፣ የትኛው ዘፈን የት እንደሚገባ ራሴ የጻፍኩበት። መሀል ላይ «የአባት ምርቃት፦ ረዝሟል፣ ዘፈን ይግባበት» ይላል። ከሥር ፊርማዬ አለ። «ያልተነካው ቅጂስ?» አልኩት፤ ድምፄ ወርዷል። ከስድስት ወር በላይ እንደማያስቀምጡ በጣቱ አሳየኝ። እሱም እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ያኔ መጣልኝ። ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ሁለታችን ከሰውዬው ጀርባ ተቀምጠን ኮምፒውተሩን እናያለን። እኔ ፀጉር ቤት ቀጠሮ አለኝ። «እኚህ አባት ረዝመዋል፣ ምን ላድርጋቸው?» አለ ሰውዬው። ባሌ «ይቆይ እንጂ፣ አባቷ እኮ ናቸው» አለ። እኔ ወደ ባሌ ዞሬ «ባክህ አታካብድ» አልኩና ወረቀቱን ተቀብዬ ጻፍኩ። አባቴ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ምናልባት በዚያ ሰዓት ላሞቹን እያጠጣ ነበር። ድምፁ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። እንዲያውም ምንም አላሰብኩም።

ስልኩን ያወጣ ዘመድ አይጠፋም ብዬ ሁሉም ጋ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ጋ አንድ አጭር ቅጂ ተገኘች። እሷም ላይ የሚሰማው እልልታ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ፉሪ ሄድን። ፊልሙ መድረሱን እናቴ ከሌላ ሰው ሰምታ ስለነበር መሸሸግ አልቻልኩም። ሁለት ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዱካዋን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግታ ተቀምጣለች። ለባሌ የወረቀቱን ነገር አልነገርኩትም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁትም። ለእናቴ የካሜራው ብልሽት ነው እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ።

አባቴ ተነሳ፤ ዘፈኑ ገባ። እናቴ ጆሮዋን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ድምፁስ?»

ያዘጋጀሁት ውሸት ከአፌ አልወጣ አለ። እውነቱም አልወጣም። ባሌ አየኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ቆሞ አላሰበም።

«የኔ ጥፋት ነው እማማ» አለ። «ረዘመ ብዬ እኔ ነኝ ዘፈን ያስገባሁበት። ይቅር ይበሉኝ።»

እናቴ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ?» አለችው። «እሱ እኮ እንደ ልጁ ነበር የሚያይህ።» ከጎረቤቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። መናገር የነበረብኝ በዚያች ደቂቃ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ለመናገር የቸኮልኩ ሴት፣ በዚያች ደቂቃ ተነስቼ «ሻይ ላምጣ» አልኩ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። «ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት። ሐና ማርያም እስክንደርስ አሰበ።

«ያን ቀን አባትሽ ምን ብለው እንዳሳቁን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ኦሮምኛ ይገባሃል እንዴ?»

«በአማርኛ ነበር እኮ። ለእኔ ብለው። ‹ይቺ ልጄ እንደ ቀዪዋ ላሜ ትራገጣለች። ስትራገጥ አትምታት፣ አትጩህባት፤ ቁምላት። ራሷ ትመለሳለች› አሉኝ። ሰው ሁሉ የሳቀው ያኔ ነው። አንቺ ስትጮሂብኝ እሳቸውን ነው የማስበው።»

አባቴ ፊት ነበርኩ። በአማርኛ ነው የተናገረው። አልሰማሁም።

እናቴ ድሮ ስትደውል መጀመሪያ የምትለው «ልጄ እራት በላ?» ነበር፤ ልጄ የምትለው እሱን ነው። አሁን «ባልሽ ደህና ነው?» ትላለች፣ መልሴንም ሳትጠብቅ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች። ስንሄድ ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ጉርሻ ግን ቀርቷል። እሱ አጎንብሶ ይበላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ፤ ስልክ በዘጋሁ ቁጥርም ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።

አባቴ ያን ሁሉ ሰው ፊት ዋስ ሆኖልኝ ነበር፤ ራሷ ትመለሳለች ብሎ። እስካሁን አልተመለስኩም።