«ዛሬ ነው የቀረፅኳት»

ያን ክረምት ሜልቦርን ውስጥ፣ ሜድስቶን ሰፈር ከአንድ ያገሬ ልጅ ጋር በተከራየነው ቤት፣ ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የድሮ አሜሪካ ፊልሞችን አይ ነበር። ድምፅ የላቸውም። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች መንገድ ይሻገራሉ፣ አንዲት ሴት ወደ ካሜራው ዞራ ትስቃለች። ይሄኔ ሁሉም ሞተዋል። ግጥም ልጽፍላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ፊልሙ መቼ እንደተነሣ ለማወቅ ሰዎቹን ትቶ ከኋላቸው ያለውን ማየት ነው።

አገር ቤት እናቴ ታማ ነበር። ከወር በላይ ስደውል ሁልጊዜ «ተኝታለች» ይሉኛል። ስትራመድ ካላየሁ አላምንም ብዬ እህቴን አስጨነቅኳት። ሐሙስ ቪዲዮ ላከችልኝ። «ዛሬ ነው የቀረፅኳት» አለች።

እናቴ ግቢያችን ውስጥ እየሄደች «አታንሺኝ፣ ፀጉሬን አልተሠራሁም!» ትላለች። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ ዓይኔ ከትከሻዋ በላይ አለፈ። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ቆሟል። ያ ዛፍ የተቆረጠው እኔ ወደ ሜልቦርን ከመምጣቴ በፊት ነው፤ ቅርንጫፉን ሲጎትቱ እኔም አብሬ ነበርኩ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ወጥ ቤት ሩዝ ይቀቅል ነበር። ሰሞኑን ዓይኔን ይሸሻል፣ ሳልጠይቀው ምሳ ይቋጥርልኛል።

«መቼ ነው የምትነግሩኝ?» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ቅዳሜ ጠዋት። ማክሰኞ ልናረዳህ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ የሥራ ሺፍት አልገጥም አለ።»

«አርባዋ መቼ ነው?»

«እሑድ።»

«ታዲያ እስከ ቅዳሜ ምን ሆኜ ልቆይ?»

እሱ ቀድሞኝ አለቀሰ።