ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ማሽን ቤት

ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራዬ ብርድ ማምረት ነው ስል ሰው ይስቃል። «የጮቄ ተራራ እዚሁ አጠገብሽ እያለ?» ይሉኛል። ስቀው ሲጨርሱ ወሬ ይለውጣሉ። የኦፕሬሽን ክፍል መስኮት እንደማይከፈት፣ መብራቱና መሣሪያው ሐኪሞቹን በላብ እንደሚያጠምቅ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ።

ሁለቱ የማቀዝቀዣ ማሽኖቼ እያንዳንዳቸው በርዝመት ሚኒባስ ያስንቃሉ። ቧንቧዎቹን ባቅፋቸው እጆቼ አይገናኙም። ውሃው እዚህ ቀዝቅዞ ወደ ፎቆቹ ይወጣል፤ እዚያ ሙቀት ተሸክሞ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል። ጩኸቱ ሰው አያነጋግርም፤ የሚያነጋግረኝም የለ። ስልኬ የሚጮኸው ላይ ያሉት ሲሞቃቸው ብቻ ነው። ካልሞቃቸው መኖሬ ትዝ የሚለው የለም፤ ይኼ ያናድደኛል።

አባቴ ከሮብ ገበያ ከተማ የሐሞት ጠጠር ሊያስወጣ እኛው ሆስፒታል መጣ። ለሥራዬ ያወጣለት ስም «ሞተር ጥበቃ» ነው። የፈራው ቢላዋውን አልነበረም፤ ብቻውን መግባቱን ነው። በኦፕሬሽኑ ዋዜማ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እስከ በሩ ድረስ እጄን ያዥኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም» አለኝ። እሺ አልኩት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም የለውም።

ጠዋት አንደኛው ማሽን ቆመ። ፈረቃ የምንቀያየረው ባልደረባዬ ለለቅሶ አገሩ ሄዷል። ሁለተኛውን ለማስነሳት ትልልቆቹን የቧንቧ መክፈቻ ቫልቮች በእጅ ማዞር፣ ከዚያም የውሃው ግፊት እስኪረጋ አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል። ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።

ነርሷ ደወለች። «ተራቸው ደርሷል፤ አባትሽ ይጠሩሻል።»

«መጣሁ በይልኝ» አልኳት። ውሸቴን ነበር። የሚተኛበትን የኦፕሬሽን ክፍል የማቀዘቅዘው እኔው ነኝ፣ ከዚህ በላይ አብሮ መሆን የት አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያን ቀን የክፍሉን ቅዝቃዜ ከታዘዝኩት ንቅንቅ አላደረግኩትም።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ ነቅቶ ነበር። አጠገቡ ባለው አልጋ ወንድሙን የሚያስታምም የአማኑኤል ከተማ ሰው፣ የአባቴን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ያርስለታል። «እስከ በሩ እኔ ሸኘኋቸው፤ አይዞሽ እህቴ» አለኝ። አመሰገንኩት። ቀናሁበትም።

አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንዴት ነበር አባዬ?»

«ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ብቻ ውስጡ ይበርዳል፤ ምን ዓይነት ብርድ ነው ልጄ! ልብሴን አስወልቀውኝ፣ ምነው የእኔ የምለው አንድ ሰው ኖሮ ባለበሰኝ እያልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት። ብርዱ ከእኔ እንደመጣ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት።