ለጀማሪ የሚሆን ሰርጥ

እናቴ «ቁንጥንጥ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም። የተማሪ ደብተር እንኳ ግማሹን የማርመው ቆሜ ነው። ሜዳው ራሱ ያቁነጠንጠኛል። ከወረታ በየትኛውም በኩል ብትወጣ ሩዝ ነው፤ ከሩዙ ማዶ ሰማይ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ እየተባለ እንደ ታሰረ ጥጃ አንድ ቦታ ስንዞር ከረምን። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች «አንድ ቦታ ውሰጂን» ሲሉኝ፣ ከእነሱ ይልቅ የፈነደቅሁት እኔ ነበርሁ።

የት እንደምወስዳቸው ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። የሜዳ ልጅ የገደል ማሚቶ አያውቅም፤ ድምፁን የሚመልስለት ግድግዳ ከየት አምጥቶ! እኔም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከአንበሳሜ በላይ፣ ሜዳው አልቆ ተራራው በሚጀምርበት፣ ውሃ ዓለቱን ቆርጦ ያወጣቸው ጠባብ ሰርጦች አሉ። አንዳንዱ ጋ ሁለት እጅህን ብትዘረጋ ግራና ቀኙን ትነካለህ። እዚያ አስገብቼ የገዛ ስማቸውን ሲጠሩ ልሰማቸው ጓጓሁ።

የደብራችን አባት ፈቀዱልኝ፤ ግን ጣታቸውን አነሡ። «ልጄ፣ እነዚህ ጭቃ እንጂ ድንጋይ የማያውቁ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ አንቺ ሂጂና በእግርሽ እዪው። ለጀማሪ የሚሆነውን ምረጪ።»

«እሺ አባ» አልሁ። ልቤ ግን መንገድ ጀምሮ ነበር።

ከአሥራ አራቱ ልጆች አንዷ የገጠሩ የቁሐር ሚካኤል ልጅ ነበረች፤ አባቷ የሞተባት፣ ለእናቷ አንድ። ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ እናትየዋ ማሳዋ ላይ ጓል ስትከሰክስ ደረስሁ። ሳትቀመጥ አዳመጠችኝ።

«ትሂድ» አለች። «ግን አደራሽን። ያ አገር የሸክላ ሠሪዎች አገር ነው አሉ። በደጃቸው እንዳታሳልፊብኝ። ዓይናቸው ክፉ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ያለችኝ እሷው ናት።»

ልከራከራት ይገባኝ ነበር። አስተማሪ ነኝ። ደግሞም የማሳዋ ዳር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ የምትጠጣበት እንስራ ተቀምጧል፤ እሱን ማን እንደሠራው ሁለታችንም እናውቃለን። ነገር ግን ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ እኔም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈለግሁ። «አላሳልፋትም እትዬ፣ አይስጉ» ብዬ ሄድሁ።

በሳምንቱ ብቻዬን ሐሙሲት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ አንበሳሜ በሌላ መኪና፣ ከዚያ በእግሬ ደረስሁ። ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ሰርጦች አገኘሁ፤ የሚለያቸው አንድ ጉብታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ወለሉ ሰፊ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ፣ በየጥቂት እርምጃው ወደ ላይ የሚያስወጣ ድንጋይ ያለው ነው። ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ መግቢያው በሸክላ ሠሪዎቹ ጓሮ መሆኑ ነበር።

መግቢያው ላይ አንዲት ሴት አፈር ትቆፍራለች። በዕድሜ እናቴን ታክላለች። የያዝሁትን ዱላ ውሃው ዳር ስተክል አይታ መቆፈሯን አቆመች።

«ዱላው ምን ሊሆን ነው?»

ነገርኋት። እኛ ጋ ክረምት ውሃው ወደ ቤት ሲቃረብ ዳሩ ላይ ዱላ ይተከላል። ዱላውን ከዋጠው ከብት ይነዳል፣ ልጅ ይታዘላል፤ ካልዋጠው ይተኛል። አያቴም አባቴም በዚሁ ነው የኖሩት።

ሳቀች። «የሜዳው ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ ጊዜ ይሰጣችኋል። የዚህ አያስቅም። ዱላሽ ደረቅ እንደሆነ ይመጣል። እዚህ የሚታየው ተራራው ነው። ተራራው ከጠቆረ፣ አናትሽ ላይ ፀሐይ ቢሆንም መውጣት ነው።» ዶማዋን መልሳ አነሣች። «ልጆች የምታመጪ ከሆነ በኔ ጓሮ አምጪያቸው። ከጉብታው ማዶ ያለው መውጫ የለውም።»

አመሰገንኋትና ሄድሁ። የመረጥሁት ግን ያኛውን ነበር።

ምክንያቱን ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል። ለአባ «ያኛው ማሚቶው ያምራል» አልኋቸው። እውነት ነው፣ ያምራል። ዋናው ነገር ግን ስለ ዓይን እየተከራከርሁ የወላጅ ደጅ ለመዞር ትዕግሥት ማጣቴ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ላፈስ የነበረው የማይለቀም ነገር ነው።

የግንቦት ቅዳሜ ነበር። ሰርጡን ከታች ገባንበት። ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ዱላዬን ውሃው ዳር ተከልሁ። መጀመሪያ አንዱ ልጅ ስሙን ጠራ፤ ዓለቱ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አሥራ አራት ስም ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። እኔም የራሴን ጠራሁ። እንደዚያ የተደሰትሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የቁሐሯ ልጅ «ቲቸር፣ ውሃው ቅጠል ይዟል» አለችኝ። ዞሬ ዱላዬን አየሁት። ደረቅ ነው። ውሃው ከነካው ቦታ ፈቀቅ አላለም። «ምንም አይደል፣ ያችን መታጠፊያ አይተን እንመለሳለን» አልሁ። እሷም ደስ ብሏት ወደ መታጠፊያው ቀደመችን።

ያን ጊዜ ነው ከላይ ድምፅ የመጣው። ያች ሸክላ ሠሪ ሴትዮ ናት። ከዓለቱ አፋፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ወደ እኛ ትጮኻለች። «ተራራው ጠቁሯል! ወደ ታች አትሩጡ፣ አትደርሱም! በዚህ ውጡ!» አፈር የምትሸከምበትን ጠፍር ለቀቀችልን። ጫፉ ከራሴ በላይ ቆመ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ትከሻዬ ላይ አቆምኋቸው። ጠፍሩን ይይዛሉ፣ እሷ ትስባለች፣ የወጡትም አብረው ይስባሉ። እቆጥራለሁ። አሥራ ሦስት ላይ ቆምሁ። ልጅቷ የለችም። ከመታጠፊያው ማዶ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስሟን እየጠራች ትስቃለች፣ ዓለቱም ይመልስላታል። ጮኼ ጠራኋት፤ የኔም ጩኸት ተመልሶ መጣና ከሳቋ ጋር ተደባለቀ። ጨዋታ መስሏት እንደሆነ ገባኝ። ሮጬ፣ እጇን ይዤ ጎትቼ አመጣኋት። ውሃው ጉልበቴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀይ ነበር። እሷን ሳቧት፤ ቀጥሎ እኔን ሳቡኝ። ደረቴ አፋፉን ሳይለቅ ከሥሬ ብዙ ከብት አብሮ ሲሮጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አለፈ። እኛ ላይ ፀሐይዋ እንደ በራች ናት።

ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ወሰደችን። ደጇ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጠፍሩ የሁለቱንም እጇን መዳፍ ልጦታል፤ በዚያው እጇ ከእንስራ ውሃ ቀድታ በቅል ሰጠችን። ሁለት ሦስቱ ልጆች ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። መጀመሪያ ተቀብላ የጠጣችው የቁሐሯ ልጅ ናት።

ወረታ መናኸሪያ ስንደርስ እናትየዋ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ልጇን እቅፍ አደረገችና በትከሻዋ በኩል አየችኝ። «በደጃቸው አላለፋችሁም?»

«አላለፍንም» አልሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ሦስት ቀን መቀመጫ አጣሁ። ቁንጥንጥነቴ አይደለም፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይኼ ሌላ ነው፤ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ የልጅቷ ዓይን ያስነሣኛል። ማክሰኞ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ። እናትየዋ ማሳዋ ላይ ነበረች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ምክሩን፣ አለመስማቴን፣ ዱላውን፣ ጠፍሩን፣ መዋሸቴን። ጓሉን መከስከሷን አላቆመችም። ስጨርስ መከስከሻዋን አስቀመጠች።

«ያን ዕለት መንገድ ላይ ነግራኛለች» አለችኝ። «የሴትዮዋ እጅ መላጡ ሳይቀር። ልጄንስ እሷ አወጣችልኝ። አንቺን ማን ያውጣሽ እያልሁ ነበር።»

አለቀስሁ። አላባበለችኝም። ወደ ቤት ገብታ በትንሽ ቅል ለጋ ቅቤ ይዛ ወጣች፤ አፉን በቅጠል ከደነችው፤ ነጠላዋን አገለደመች።

«በይ ተነሺ» አለችኝ። «ደጇን አሳዪኝ።»