ከትራስ ሥር ያለችው ብርቱካን

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ዳንኤል ቤቴ መጥቶ ብርቱካን ሲልጥ ሽታው ክፍሉን ሞላውና፣ ጭራሽ የረሳሁት የመሰለኝ ቅናት ከተኛበት ተነሣ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ ጎፋ እንኖር ነበር። አባዬ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ያዘ። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ነፋስ ስልክ ወዳለው ፋብሪካ ትወርዳለች፤ ስድስት ዓመቱን ያልደፈነውን ዳንኤልን አክስታችን ፉሪ ወሰደችው፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ግን “እሷማ ትረዳናለች” ተብዬ ቀረሁ። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት የአባዬን ፊት አጥባለሁ፣ ገንፎውን አጎርሰዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፂሙን እላጫለሁ። አንዴ ሪዙን በአንድ በኩል ጠርጌ አንሥቼበት፣ በመስታወት አይቶ ባልታመመው ጎኑ ሲስቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣምና ብርቱካን ከቤታችን አይጠፋም ነበር። አባዬ ከመጣለት ሁሉ ትልቋን መርጦ በደህና እጁ ትራሱ ሥር ይሸጉጣታል። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። አንሶላ ስቀይር አነሣታለሁ፣ አሸታታለሁ፣ መልሼ አስቀምጣታለሁ። እሑድ ዳንኤል ንጹሕ ሹራቡን ለብሶ ሲመጣ አባዬ በተኮላተፈ አንደበቱ “ና የኔ ጌታ” ብሎ ያቺኑ ያወጣለታል፤ ምርቃቱም አብሮ ይወርዳል። እኔ ያን ሰዓት ሽንት የነካው አንሶላ ይዤ ጓሮ ነኝ። ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር፤ የምለፋው እኔ፣ የሚመረቀው እሱ።

አባዬ በቀጣዩ ክረምት ዐረፈ።

ይህን ሁሉ ለዳንኤል ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ የላጣትን ብርቱካን ሳይቀምስ ሳህኑ ላይ አስቀመጣት።

“አንቺ አባት ነበረሽ” አለኝ። “እኔማ እንግዳ ነበርኩ። ብርቱካን የሚቀመጠው እኮ ለእንግዳ ነው።”

ቀጥሎ የአባዬን ፂም ስላጭ ምን ምን ያወራኝ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ለእሱ ከአባዬ ድምፅ የቀረችው “ና የኔ ጌታ” የምትለዋ ብቻ ናት።

ነገርኩት። ስለ ሪዙ፣ ገንፎው ሲያንቀው ስለሚቀልደው ቀልድ፣ ጠያቂዎቹ ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ ድምፃቸውን እያስመሰለ እንዴት ያስቀኝ እንደነበር ነገርኩት፤ ልጅ ሆኖ አዳመጠኝ። አባዬ ተላጭቶ ሲያበቃ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግለት እኔን የሚጠራበትን ስም ግን አልነገርኩትም። በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ። ቢሆንም ያን ስም ለዳንኤል አልሰጥም።