ሰባቱ የቻይና ስሞች

የያዙኝ ከክፍል ወጥቼ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ ነው። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። አንደኛው የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ላይ እስካራግፍ ጠበቀኝ። በዚያው ሳምንት በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ መንግሥትን ነቅፌ ተናግሬ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ቤቴን ፈተሹ። ከመጻሕፍቴ ሁሉ አንድ ደብተር ብቻ ይዘው ወጡ።

ሆሳዕና ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ አሁንም የስንዴ ፍሬ ይለቀማል። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ከሾኔ ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ቲቸር፣ ቦታህ በሩ ጋ ነው» አለኝ። በሩ ጋ የሽንት ባልዲው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ገልጦታል። በገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች ዪን፣ ሆንግ፣ ዮንግ፣ ሚየን፣ ዪ፣ ዛይ፣ ፑ የሚል በእጄ ተጽፏል።

«እነማን ናቸው?»

«የቻይና ነገሥታት ቤተሰብ የስም አወጣጥ ነው። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ለራሴ ሳነብ የያዝኩት ማስታወሻ ነው።»

«ሆንግ ማነው?»

«አንድ ሰው አይደለም። የአንድ ትውልድ መነሻ ነው። ወንድማማቾቹም የአጎት ልጆቹም ስማቸው በሆንግ ይጀምራል። የእነሱ ልጆች ደግሞ በዮንግ። ስሙን ብቻ ሰምተው ማን የማን አጎት እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ማን ከማን በላይ እንደሆነ በስሙ ይታወቃል። የኮድ ስም ማለት እኮ ይሄ ነው።»

«አይደለም። እኛም ሀዲያዎች አባት እየቆጠርን ነው የምናድገው። ለዚህ ነው ደስ ብሎኝ የጻፍኩት።»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ ጣቱን በገጹ ዳር ላይ አሳረፈና አነበበ፦ «‹ላልተወለዱት አስቀድሞ የተመረጠ።› እነዚህ ገና የምትመለምሏቸው ናቸው?»

አንድ ንጉሥ ገና ላልተወለዱ የልጅ ልጆቹ ከግጥም ውስጥ ቃል እንደመረጠላቸው ነገርኩት። እሱ አልሳቀም፤ እኔም የሚያስቅ ሆኖ የታየኝ ከወጣሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ።

«ሰባት ስም አለ። ለእያንዳንዱ ከትምህርት ቤታችሁ አንድ መምህር ጻፍልኝ። ዛሬ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።»

ብቻዬን ትቶኝ ወጣ። ወዲያው እምቢ አልኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። የባልደረቦቼ ፊት ሳልጠራቸው መጣ። ማን ቢታሰር ብዙ እንደማይጎዳ፣ ማን ዘመድ እንዳለው ማሰላሰል ጀመርኩ። ከሁሉ ቀድሞ የታወሰኝ የሒሳብ መምህሩ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በስብሰባው ላይ ስናገር አንገቱን ስለደፋ ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በልቤ ጻፍኩት።

እጄ ግን ወረቀቱ ላይ ሲደርስ «ዪን» ብሎ ጀመረ። ለተማሪ እንደማስረዳው፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። ከዪኖቹ አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ የስማቸውን መነሻ እንዲቀይሩ መደረጋቸውን፣ ከንጉሥ ጋር ስም መጋራት ነውር እንደነበር ጭምር። ሰባቱንም ትውልድ ጨረስኩ። ከሥሩ የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ጽፌ ፈረምኩ።

ሲመለስ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«እያስተማርከኝ ነው?»

«የጠየቁኝን ነው የጻፍኩት።»

ወረቀቱን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተና ፖሊሱን ጠራ።

ክፍሉ ስገባ ካቦው ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም አየ።

«ማንን ጻፍክ?»

«ቻይናዎችን።»

ማንም አላመነኝም። ሚስቴ ካመጣችልኝ ቆጮ ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ የተቀበለኝ የለም። አምስት ሳምንት በሩ ጋ ተኛሁ።

ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ለቀቁኝ። ደብተሬ አልተመለሰልኝም። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባልደረቦቼ እንዲያው በነፃ የሚለቀቅ ሰው የለም ብለው ያምናሉ፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳላምን አልቀርም። ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬው ይቋረጣል። የሒሳብ መምህሩ እጄን አይጨብጥም።

ስምህን አልጻፍኩም ልለው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ግን ያን ለመናገር መጀመሪያ እሱን እንዳሰብኩ መናገር አለብኝ። ስለዚህ ሲገባ ወንበር እስብለታለሁ። ቆሞ ሻዩን ይጠጣና ወደ ክፍሉ ይሄዳል።